የወንድሜ በርሜል ድንጋይ

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር ያስገዛሁት ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጥሎኝ ሳለ ቀኑ አልመሽ ብሎኝ ነው። ከተነሣሁ ወዲህ ረስቼው ነበር። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ ልፈነዳ ነው።

ወንድሜ የዘንድሮውን የወይን ድንጋይ ላከልኝ። ጆንያውን ተሸክማ የመጣችው ልጁ ቀጮ ናት። ደህና ስም ወጥቶላት ነበር፤ ግን በበርሜሉ ጠባብ በር ሾልካ ገብታ ውስጡን መፋቅ የምትችለው እሷ ብቻ ስለሆነች በዚያው ቀጮ ሆና ቀረች። ግማሹን ቀን ለአባቷ ትፍቃለች፣ ግማሹን ከእኔ ጋር ሱፍ ትነክራለች። እጇ ጥሩ ነው። ፊቷ ላይ አልነግራትም እንጂ።

ወይን ጠጁ በእንጨት በርሜል ተኝቶ ሲበርድ ግድግዳው ላይ ጠጣር ነገር ይጋገራል። ጠጁ ተቀድቶ ሲያልቅ እሱ በመዶሻ ይፈለፈላል። የማያውቅ ሰው አተላ ይለዋል። አተላ ከታች የሚዘቅጠው ጭቃ ነው፤ ይሄ ድንጋይ ነው፣ ሲሰበር ያብለጨልጫል። ያለ እሱ ቀይ የለም። ሱፉ አስቀድሞ ቀለም ከሚያሲዘው ማስያዣ ጨውና ከዚህ ድንጋይ ጋር ካልተቀቀለ ቀዩ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል። እናታችን መጥመቂያውን ለወንድሜ፣ ማቅለሚያውን ለእኔ ስትሰጥ አንድ ቃል አስገብታናለች፤ ድንጋዩ መጀመሪያ ለማቅለሚያው፣ የተረፈው ለፈለገ።

ፈተናውንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከጆንያው አፍ፣ ከመሐሉና ከሥሩ ፍንጣሪ ወስደሽ ምላስሽ ላይ ታደርጊያለሽ። ደህና ድንጋይ ይጎመዝዛል፣ ዓይንሽን ያስጨፍንሻል። ካላስጨፈነሽ መልሺው።

ቀመስኩ። ምንም። አሸዋ። ከመሐል፣ አሸዋ። ከሥር፣ አሸዋ።

«አባትሽ ምን ጨምሮበት ነው?» አልኳት።

«ምንም። እኔው ነኝ እኮ የፋቅሁት፣ አክስቴ።»

«ከፋቅሽው በኋላስ ማን ዘንድ አደረ?»

ጎንበስ ብላ የጆንያውን አፍ መቋጠር ጀመረች። አልወደድኩላትም።

ማክሰኞ

አፌን በውሃ ተጉመጥምጬ እንደገና ቀመስኩ። ያው ነው። ኖራ ነው። ትራፊውን ይወስዱ ለነበሩት ለኬክ ጋጋሪዋና ለመዳብ ሠሪው ደህናውን ቆንጥሮ፣ የእኔን በኖራ ሞልቶታል። ሰው ከትኩሳት ተነሥቶ ጉልበቱ ገና ሳይመለስ ወንድሙ ኖራ ይልክለታል?

ረቡዕ ማታ

ሄድኩለት። ምሳ ላይ ደረስኩ። ሚስቱ ሾርባ አቀረበች፤ ጨው የሚባል ነገር በአጠገቡ ያላለፈ። «ጨው ጠፋ እንዴ ከገበያ?» አልኳት። ቀጮ ማንኪያዋን እንደያዘች አባቷን አየችው። አባቷ ሳህኑን አየ። ሚስቱ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። የጥፋተኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ሁሉም ዓይን ለዓይን ይሸሻል።

ስንወጣ ጠየቅሁት። «ድንጋዩ ውስጥ ምን ከተትክበት?»

«ምንም አልከተትኩም፣ እትዬ።»

«አይጎመዝዝም።»

«ይጎመዝዛል።»

ከኪሴ ፍንጣሪ አውጥቼ ሰጠሁት። ምላሱ ላይ ሲያደርገው ዓይኑ ተጨፈነ፣ ትከሻው ተሰበቀ። ማስመሰል ከልጅነቱ ያውቅበታል። ትምህርት ቤት ላለመሄድ ሆዱን ይዞ ወለል ላይ ይንከባለል የነበረው እሱ ነው።

«እትዬ፣ ከትኩሳቱ በኋላ ምናልባት አንቺ...»

«ትኩሳቴን ተወው። ስለ ድንጋዩ ነው የማወራው።»

ተወው። እሱ ሁሉን ነገር ይተዋል። ሲሰድቡት ይተዋል፣ ሲገፉት ይተዋል። ሆድ ይፍጀው የሚል ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?

ሐሙስ

ጎረቤቴ ኬክ ጋጋሪዋ በጠዋት ሳታንኳኳ ገባች። ከወንድሜ ድንጋይ ድርሻዋን ወስዳ፣ ወቅጣ በወንፊት ነፍታ፣ ስኳር ስታነጥር ጣል አድርጋበት ስኳሩ ተመልሶ ሳይረጋ እንደ መስተዋት ጠርቶ ቀረላት። የእንቁላሉ ነጭም አረፋው ቀጥ ብሎ ቆመላት። «የወንድምሽ ድንጋይ የዘንድሮው ልዩ ነው» አለችኝ።

የእሷ ልዩ፣ የእኔ ኖራ። በገዛ አፏ መሰከረችልኝ።

ያመጣችልኝን ኬክ ቀመስኩላት። ሱፍ ሱፍ ይላል። ድሮ እጇ የሚመሰገን ነበር፤ ገበያ ሲደራላት ቅቤና ስኳሩን መቀነስ ጀመረች ማለት ነው። ዘንድሮ ሁሉም ሰው ከሁሉም ነገር ላይ ይቀንሳል። አመስግኜ ሸኘኋትና የቀረውን ለድመቷ ሰጠሁት። ድመቷ ጥርግ አድርጋ በላችው። ድመት ምን ያውቃል።

ዓርብ

ችኮላ ላይ ነኝ። ወተት ገንፍሎ አረረ። ቀጮ ከጓሮ እየሮጠች ገብታ እሳቱን አጠፋች።

«አክስቴ፣ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ አይሸትሽም?»

ጀርባዬን ሰጥቼ ሱፍ እመዝን ነበር። ሥራ ላይ ያለ ሰው አፍንጫ የለውም አልኳት።

«ወትሮ የሰው ቤት ቃጠሎ ከመንገድ ማዶ ይሸትሽ ነበር እኮ።»

ወትሮ ወትሮ ነው።

ቅዳሜ ማታ

የዛሬውን ጉድ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ እኔው ራሴ አላምነውም።

የሽመናው ቤት ለከተማው አዳራሽ የሚሠራው መጋረጃ ግራና ቀኝ ሁለት ወገን አለው። የግራውን ሱፍ ከመታመሜ በፊት በአምናው ድንጋይ ነክሬ አስረክቤያለሁ። የሽመናው ቤት አለቃ ክሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ አገላብጦ «እንዲህ ያለ ቀይ ካንቺ ሌላ ማን ያወጣል» ያለው ነው። የቀረው የቀኙ ነው። ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ቀይ ካልሆነ፣ መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር መሐሉ ላይ ከተማው ሁሉ የሚያየው የእኔን ጉድ ነው። ይህን ሥራ ያገኘሁት በዚህ ምላስ ነው፣ ስሜን የማጣውም ይህ ሥራ ከተበላሸ ነው።

ኖራ የገባበት ድንጋይ ጉልበት የለውም። ስለዚህ መጠኑን ሦስት እጥፍ አደረግሁት።

«በዛ፣ አክስቴ» አለች ቀጮ።

«አባትሽ ያጎደለውን ነው የምሞላው።»

«በድሮው መጠን ትንሽ ሱፍ ለብቻ ብንሞክር ምን ይለናል?»

«ሱፍ መንከር አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?»

ተወችው። የአባቷ ልጅ አይደለች እንዴ?

ሱፉን በድንጋዩና በማስያዣው ጨው ቀቀልን። ከዚያ ከቁልቋል ላይ ተለቅሞ የደረቀውን ትል ወቅጠን ቀዩን አወጣን፣ ሱፉን አስገባን። ድስቱ ውስጥ ሳለ ደህና ይመስል ነበር። ሲወጣ ቀይ አይደለም። ብርቱካን ነው። የበሰለ ብርቱካን እንኳ ቢሆን ምን ነበር፤ የጠወለገ ብርቱካን። ክሩም እጅ ላይ ይሻክራል።

እናታችን «ድንጋይ ሲበዛ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሸሻል፣ ሱፉም ይሻክራል» ትል ነበር። ግን አልበዛም። ግማሹ ኖራ የሆነ ድንጋይ እንዴት አድርጎ ይበዛል? ሌላ ነገር ጨምሮበታል። ኖራ ብቻ አይደለም። ምን እንደሆነ ባላውቀውም ጨምሮበታል።

ቀጮ የተበላሸውን ሱፍ እያጠበች ታለቅስ ነበር። ያፈረች መሰለኝ። ትፈር።

ሰኞ ማታ

ነገርኳቸው። ሁሉም ፊት ነገርኳቸው።

ምሳ ሰዓት ነበር። ሸማኔዎቹ ሥራ አቁመው ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ መዳብ ሠሪውም ጉዳይ ኖሮት መጥቶ አብሯቸው ይበላል። አለቃው ሱፉን እያገላበጠ «ምን ነካሽ አንቺ?» አለኝ።

«እኔን ምንም አልነካኝም። ወንድሜን ጠይቀው። ድንጋዩን በኖራ ደባልቆ ነው የላከልኝ።»

«የአንድ እናት ልጅ?» አለ መዳብ ሠሪው።

«የአንድ እናት ልጅ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል አልሰማህም? የእኔው እህቱን ላሰ።»

ሳቁ። ሁሉም አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? በምላሴ ነው የሚያውቁኝ። አለቃው ራሱ «ይቺ ሴት አይጎመዝዝም ካለች አይጎመዝዝም» አለ። ከሌላ መጥመቂያ ደህና ድንጋይ ካገኘሁ አዲስ ሱፍ እንደሚሰጠኝ ቃል ገባልኝ።

ይህን ስንነጋገር ወንድሜ ለአለቃው የሚያመጣውን የጠጅ ማሰሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም። ሁሉም ዞረው አዩት።

«እውነት ነው?» አለው አለቃው።

ወንድሜ እኔን አየኝ። ሸማኔዎቹን አየ። እንደገና እኔን አየኝ። ማሰሮውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና «እንግዲህ እሷ ካለች ነው» ብሎ ወጣ።

ከዚህ በላይ ምን ማመን አለ? ቢዋሽ እንኳ ደስ ባለኝ ነበር። ይከራከረኝ፣ ይስደበኝ፣ ማሰሮውን ይወርውርብኝ። እንዲህ ዝም ብሎ መሄድ ምን ማለት ነው?

ሐሙስ

ስም ወጣለት። ኖራው ይሉታል። «ኖራው ዛሬ አለፈ?» «ኖራው ቤቱን ቀባ?» ሸማኔ ሲሰለቸው ስም ማውጣት ልማዱ ነው።

መዳብ ሠሪው ድንጋዩን መለሰለት። ድስት የሚያጠራው በዚያ ነው፤ ከጨው ጋር አድርጎ ሲያሸው የጠቆረ መዳብ አዲስ ይሆንለታል። አሁንም እንደዚያው እያጠራለት እንደሆነ ሰው ጠይቆት «ያጠራል፤ ግን ኖራ ነው ተብሏል» አለ አሉ። ኬክ ጋጋሪዋም ለደንበኞቿ ኖራ አበላች እንዳይሏት ፈርታ ድርሻዋን ደፋችው። ትናንት ደግሞ አንዱ ጠጅ ገዢ «ድንጋዩ ላይ ያደረገውን ጠጁ ላይ አያደርግም?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ይበለው።

ይበለው ብዬ ጻፍኩ፤ አልሰርዘውም። ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ምንድን ነው? የበደለው እሱ፣ የማይተኛው እኔ።

ዓርብ

ጆንያውን እግሩ ሥር ልወረውርለት ሄጄ ነበር። መጥመቂያው በር ላይ ስደርስ ድምፅ ሰምቼ ቆምኩ። የሰው በር ላይ ቆሞ መስማት ነውር ነው፤ ግን የእናቴ ቤት ነው።

«አባዬ፣ ንገራት» ትላለች ቀጮ።

«አልነግራትም።»

«ሰው እኮ ጠጁን መግዛት ተወ።»

«ይተዉ።»

«እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ።»

«ትንፍሽ ትዪና ልጄ አይደለሽም። ይህ ነገር ከወጣ አለቀ ማለት ነው።»

ጆንያውን እንደተሸከምኩ ተመለስኩ። ከወጣ አለቀ አለ። በገዛ ጆሮዬ። እኔ እንግዲህ ኖራ ነው ብዬ አቅልዬዋለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ የባሰ ነገር አለ። ልጅቷ እንኳ አላስችል ብሏት ንገራት ትለዋለች።

ቅዳሜ

ማስረጃ ላገኝ ነው። ለአለቃው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አስቀምሰዋለሁ፤ የአምናውን ድንጋይና የዘንድሮውን። የአምናው ትራፊ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በጠርሙስ አለ፤ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። አስቀድሜ ራሴ ልቅመሰው...

ቅዳሜ፣ በኋላ

የአምናውም አሸዋ ነው።

መጀመሪያ ቀጮ ናት አልኩ። አባቷ ልኳት ጠርሙሱን ቀይራዋለች። ቁልፉን ዳሰስኩት። አንገቴ ላይ ነው። ታምሜ እንኳ አላወለቅሁትም።

እንደገና ቀመስኩ። አሸዋ።

ይህ ድንጋይ የግራውን መጋረጃ ያቀላው ነው። ዓይኔ እያየ፣ አለቃው እያመሰገነ።

ማድቤት ገባሁ። ኮምጣጤ ጠጣሁ። በማንኪያ፣ ከዚያ ከነጠርሙሱ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ምላሴ ላይ ውሃ ነው።

ሎሚ ቆርጬ መጠጥኩ። ውሃ።

ጨው በእፍኜ።

አሸዋ።

እሑድ

አልተነሣሁም።

ሰኞ ማታ

ቀጮን ሱፍ ማጠቢያው አጠገብ አቁሜ ኮምጣጤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ፊቷ እንደ ውሃ ተጎነጨሁት። ልጅቷ አየችውና ትከሻዋ ወረደ፤ የከበደ ነገር ያወረደ ሰው ሲተነፍስ እንደሚያደርገው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የሾርባው ቀን። እማዬ ጨው አድርጋበት ኖሮ እኔ ሳላውቅ ደገምኩበት። ሁላችንም መዋጥ አቅቶን ስንተያይ አንቺ ጨው የለውም አልሽ። ከዚያ ወተቱ...»

«አባትሽስ?»

«እሱም ያኔ ነው። ሊነግርሽም ጀምሮ ነበር፤ አላስጨረስሽውም አሉ።»

አላስጨረስኩትም። ትኩሳቴን ተወው ብዬዋለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማንበብ አልፈለግሁም።

«ኋላስ? ሌባ ስለው? ሰው ሁሉ ፊት?»

«እሱማ እዚያ እውነቱን ቢናገር ምላሷ ሞቷል ማለቱ ነው። ምላሷ የሞተ ነካሪ ማን ሱፍ ይሰጣታል አለ። ትኩሳት ያመጣው ነገር ነው፣ ይመለስላት ይሆናል፣ እስኪመለስላት እኔ ሌባ ብባል አልሞትም አለ። ብናገር ልጄ አይደለሽም አለኝ።»

ጮህኩባት። የማላስታውሰውን ሁሉ ተናገርኳት። ማን ጠየቀው? ማን ተሸከምልኝ አለው? እኔ ሕፃን ነኝ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ ምላሴም ባዳ ሆነብኝ፣ ቤተሰቤም ባዳ ሆነብኝ። ከተማው ኖራው ሲለው እያየ፣ ጠጁ ሳይሸጥ ሲቀር እያየ፣ የልጁን አፍ እየዘጋ ለእኔ ሲል ተቀመጠ? እኔስ ምን ሆንኩ በዚህ ውስጥ? ያሻትን እያለች የምትዞር እብድ፣ ዝም ተብላ የምትታለፍ።

ቀጮ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ተቆጪ፣ ግን ተቀመጪ» ብላ ወንበር አመጣችልኝ።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ምላስና አፍንጫ ትኩሳት ሲነካቸው እንዲህ ይሆናል አለኝ። ይመለሳል? ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ይህን ለመናገር ነጭ ልብስ መልበስ ምን ያስፈልጋል? እኔም እንዲህ ማለት እችላለሁ።

ረቡዕ ማታ

ቀኑን ሙሉ ስከራከር ዋልኩ፤ ከራሴ ጋር። አንድ መንገድ አለ። ቀጮ ትቀምሳለች፣ እኔ የቀመስኩ መስዬ እናገራለሁ። ማንም አያውቅም። የቀኙን ሱፍ በድሮው መጠን እነክራለሁ፣ ቀዩ ይወጣል፣ ሌላ መጥመቂያ ደህና ድንጋይ አገኘሁ እላለሁ። ስሜ ይተርፋል። ወንድሜ ኖራው እንደሆነ ይቀራል፤ ራሱ ወዶ የገባበት ነው።

ራሱ ወዶ የገባበት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት። አራተኛው ላይ አስጠላኝ።

ሐሙስ ማታ

ምሳ ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች። መዳብ ሠሪው እንዳይቀር ከሱቁ ጠርቼ አብሬው ገባሁ። «ደግሞ ማንን ልትሰድቢ ነው?» አለኝ በመንገድ ላይ። ታያለህ አልኩት።

ከአግዳሚው ፊት ቆምኩ። በሌሊት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በኖ ጠፋ።

«ወንድሜ ሌባ አይደለም። ድንጋዩ ደህና ነው። የሞተው የእኔ ምላስ ነው። ከትኩሳቱ ጀምሮ ጨውና ስኳር አልለይም። ሱፉንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ደህናውን ድንጋይ ሦስት እጥፍ ከትቼበት። እሱ ያውቅ ነበር። ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

ማንም አልሳቀም። መዳብ ሠሪው ቆቡን አውልቆ በእጁ ሲያሸው ቆየ። ከመጨረሻው ጥግ አንዱ ሸማኔ «ታዲያ ምላስሽ ሥራ ፈታ ማለት ነው?» አለ።

«መቅመሱን ነው የተወው። ሰው መንከሱን አልተወም» አልኩት። ያኔ ትንሽ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

አለቃው ግን አልሳቀም። ሁለቱን ክር፣ የግራውን ቀይና የቀኙን ብርቱካን፣ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«አሁን ማን ይቀምስልሻል?» አለ።

«የወንድሜ ልጅ።»

«ልጅቷን አላውቃትም።»

«እኔ አውቃታለሁ።»

«አንቺ ወንድምሽንም አውቀዋለሁ ስትዪ ነበር እኮ» አለኝ። ክፋት የለበትም አባባሉ፤ እውነት ስለሆነ ነው ያመመኝ። የቀኙን ሱፍ ለሌላ ነካሪ እንደሚሰጥ፣ ልጅቷን ደግሞ በትንንሽ ሥራ እያየ እንደሚቆይ ነገረኝ። የመጋረጃው ነገር ቀልድ አይደለም አለ። አይደለም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ይህን ሳስብ የበለጠ ተናደድኩ።

ዓርብ ማታ

ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ትልቁ በርሜል አጠገብ ነበር፤ የዚህኛው በር ሰፊ ስለሆነ ወንድሜ ራሱ ነው የሚፍቀው። ሻማውን አብርቶ አስቀድሞ ወደ ውስጥ አስገብቷል፤ አየሩ ደህና መሆኑን ሳያዩ መግባት የለም። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል። መዶሻውን ጣለና ዞረ።

«ማን ተናገሪ አለሽ?»

እንዲህ ጮኾ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ባዶው በርሜል ድምፁን ተቀብሎ መለሰው።

«ያን ሁሉ ስድብ የዋጥኩት ለጨዋታ መሰለሽ? ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበር? በገዛ እጅሽ ሥራሽን አፈረስሽው።»

«ስምህን ልመልስልህ ነዋ።»

«ስሜን መልሺልኝ ብዬ ለመንኩሽ?»

«እኔስ ሌባ ሁንልኝ ብዬ ለመንኩህ? ለምን በአንድ ቃል አላፋጠጥከኝም? ለምን በጥፊ አትለኝም ነበር?»

«አንቺ ትሰሚ ነበር?»

ሁለታችንም ደከመን። በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፍንጣሪው ፀጉሩን ሁሉ ሞልቶታል። ቀስ ብሎ ነው ቀጥሎ የተናገረው፤ ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር።

«ሰው ምንም ቢል ግድ የለኝም፣ እትዬ። ሰው የነገሩትን ነው የሚያምነው። አንቺ ግን አመንሽው። እኔ በርሜል ውስጥ ገብቼ ኖራ ስደባልቅ ታይቶሽ አመንሽው። አንድ ቀን እንኳ ምላሴ ይሆን እንዴ አላልሽም። ምላስሽን ከምትጠረጥሪ እኔን መጠርጠር ቀለለሽ።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ሰምቶኛል።

ሻማውን አየና በርሜሉ ውስጥ ገባ። መፋቅ ጀመረ። የሚፈለፍለውን በበሩ ወደ ውጭ ይጥለዋል። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ የድንጋዩን ነጭ ፍንጣሪ ከቀዩ እየለየሁ በሁለት ጆንያ ከተትኩ፤ ይህን ዓይኔ ይችላል። ቀጮ መጥታ አየችንና ተመለሰች። እስኪመሽ እንደዚያው ሆንን። ሂጂ አላለኝም፤ ነይም አላለኝም። ነገም እሄዳለሁ።